ከነላስቲኩ የተከልኩ ቀን

እኔ መቀመጥ አልችልም። ልጆቼም ያውቃሉ፣ ጎረቤትም ያውቃል። ለቅሶ ቤት ሄጄ እንኳን ድንኳን ውስጥ አንድ ቦታ አልረጋም፤ ውሃ ላቅርብ ብዬ እነሳለሁ። ታዲያ እኔን ነው ወስደው ስንት ሳምንት ሙሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ያስቀመጡኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ አራት ሴቶች ነን። ልደታ መንገድ ዳር በማኅበር ተደራጅተን ችግኝ እናፈላለን፣ እንሸጣለን። ጽጌረዳ አለን፣ ጥድ አለን፣ ለአጥር የሚሆን አለን፤ ጤና አዳምማ ሞልቶናል። አንድ ቀን ከወረዳ መጡና «ከእንግዲህ ቦታው ላይ የሚቆየው ሲኦሲ ያለው ሰው ያለበት ማኅበር ነው» አሉን። ሲኦሲ ማለት ሙያውን ተምረሽ፣ ተፈትነሽ፣ ትችላለች የሚል ወረቀት ማምጣት ነው። ክረምት ሳይገባ ወረቀቱ ካልመጣ ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

ማን ይማር? አንዷ አራስ ናት። አንዷ ወገቧን ያማታል። የጌጃ ሰፈሯ ባልደረባዬ ፊደል የቆጠረች ስለሆነች እሷ ትሂድ ስንል «እኔ ከሄድኩ ማን ይሸጣል? አንቺ እንደሆንሽ ገዢውን በቀልድሽ ታባርሪዋለሽ» አለችኝ። እውነቷን ነው። አንዱን ሰውዬ «ይቺ ጽጌረዳ ለሚስትህ ነው ወይስ ለሌላ?» ብዬው ለካ ሚስቱ ከኋላው ቆማለች። ስለዚህ ሀ ሁ ያልቆጠርኩት እኔ ተላክሁ።

ማሰልጠኛው ከሰንጋ ተራ አለፍ ብሎ ነው። አሰልጣኟ የልጅ ልጄን የምታክል ልጅ ናት። የመጀመሪያ ቀን ነጭ ጫማ አድርጋ ስትገባ «ልጄ፣ በዚህ ጫማ ነው አፈር የምታስተምሪን?» አልኳት።

«መጀመሪያ ወረቀት ላይ ነው የምንተክለው እማማ» አለችኝ። እሷም ቀላል አይደለችም።

ወረቀት ላይ መትከል የሚባል ነገር እውነትም አለ። ግቢውን ትስያለሽ፣ ዛፉን በክብ ታደርጊያለሽ፣ መሄጃውን በመስመር። የኔን አየችና «እማማ፣ ዛፉን በሩ ላይ እኮ ነው የተከሉት። ሰዎቹ በየት ይግቡ?» አለች።

«እንግዳ የማይወዱ ሰዎች ይሆናሉ» አልኳት። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።

ትንሽ ስቀመጥ እግሬ ይበላኛል። ሽንት ቤት ብዬ እወጣና ጓሮ ያለውን መደብ ስኮተኩት ታገኘኛለች። «ሽንት ቤቱ እዚያ ነው እንዴ እማማ?» ትለኛለች። እስቃለሁ፣ አስቃለሁ። ግን ያቺ አራስ የምትበላው ከዚያችው ከችግኟ ነው። እኔ ብወድቅ አራታችንም መንገድ ላይ ነን። ይሄን ሳስብ እንደገና እነሳለሁ።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ለማናነብ ሰዎች ጥያቄውን እያነበቡልን በአፍ መለስን። እሱ አላስቸገረኝም። ቀጥሎ ተግባሩ መጣ። ከማሰልጠኛው ሕንፃ ፊት ለፊት፣ በእግር መንገዱ ዳር፣ ለያንዳንዳችን ሃያ ሃያ ችግኝ ሰጡንና በመስመር ትከሉ አሉን። የሚመዝነን ከሌላ ቦታ የመጣ ጎልማሳ ሰው ነው፤ ጥርሱን አያሳይም።

እኔ መቼም ከተነሳሁ አልቆምም። ችካል ቸከልኩ፣ ሲባጎ ወጠርኩ፣ ጉድጓድ ማስኩ፣ ተከልኩ፣ አፈሩን ጠቀጠቅሁ፣ አጠጣሁ። ጨርሼ ቀና ስል ሌሎቹ ገና ግማሽ አልደረሱም። አጠገቤ ያለውን ሰውዬ «አንተ፣ ችግኙን እየተከልከው ነው ወይስ እያስተኛኸው?» አልኩት። አንገቱን እንኳን ቀና ሳያደርግ «እያባበልኩት ነው እማማ» አለኝ።

መዛኙ መጣ። ጎንበስ ብሎ መስመሩን አየ። «ቀጥ ያለ ነው» አለ። «አካባቢዎም ከሁሉም ንጹሕ ነው።» ጻፈና ወደ ሌላው አለፈ።

ደስ ብሎኝ የሌሎቹን ቆሻሻ ልይ ብዬ ዞር አልኩ። በየሰዉ አጠገብ ጥቁር ላስቲክ ተቆልሏል። ችግኝ ሲተከል የሚወልቀው ላስቲክ ነው። እኔ ጋ አንድም የለም። ለካ ሃያውንም ከነላስቲኩ ቀብሬያቸዋለሁ።

ልማድ ነው። እኛ መንገድ ዳር ተነሱ መባል ስለማይቀርልን ለዓይን እንዲያምር ችግኙን መሬት ውስጥ ስናስገባው ከነላስቲኩ ነው። መንገዱ ሲሰፋ ተነሱ፣ ቧንቧ ሲቀበር ተነሱ፣ አጥር ሲታጠር ተነሱ። ሲመጡብን ሳብ፣ ጋሪ ላይ ጫን፣ ሂድ። አእምሮዬ ትምህርቱን ያውቀዋል፤ እጄ ግን ቸኩሎ የለመደውን ሠራ።

ዝም ብል ማንም አያውቅም። ላስቲኩ ከአፈር በታች ነው፤ ችግኙ ለጊዜው ያምራል። ሥሩ ታፍኖ እስኪደርቅ እኔ ወረቀቴን ይዤ ሄጃለሁ። ተቀመጥኩ። ተነሳሁ። ሲባጎውን ጠቀለልኩ፣ ፈታሁ፣ እንደገና ጠቀለልኩ። አራሷ ትዝ አለችኝ፤ ዝም በይ አልኩ ራሴን። እግሬ ግን ወደ ሰውዬው ሄደ።

«ልጄ፣ ንጹሕ ብለህ የጻፍከውን ሰርዘው።»

«ለምን እማማ?»

አንዱን ችግኝ አንገቱን ይዤ ሳብኩት። ድፎ ዳቦ ከነኮባው እንደሚወጣ ከነላስቲኩ ወጣ።

ሰውዬው ጎንበስ ብሎ አየው። «ሃያውም?»

«ሃያውም። አላዳላሁም።»

«ባይነግሩኝ እኮ አላይም ነበር።»

«በዚህ በኩል በታክሲ እመላለሳለሁ። አንድ በአንድ ሲደርቁ እያየሁ ልኑር?»

ሰዓቱን አየ። «ጊዜው አላለቀም። ብዙ ግን አልቀረዎትም» አለ።

ሃያውንም ነቃቅዬ ተንበረከክሁ። ላስቲኩን በምላጭ እሰነጥቃለሁ፣ ምላጩ ሲያዳልጠኝ በጥርሴ እቀድዳለሁ፣ መልሼ እተክላለሁ። ያ ሲያባብል የነበረው ሰውዬ እንኳን ጨርሶ ቆሞ ያየኛል። አሥራ ሰባተኛው ላይ «ጊዜው አበቃ» ተባለ። ሦስቱ መሬት ላይ እንደተጋደሙ ቀሩ። አካባቢዬም ከሁሉም የቆሸሸ ሆነ።

ሄጄ ለባልደረባዬ ስነግራት «ራስሽ ነገርሽው?» አለች።

«ራሴ።»

«አንቺን ከመላክ ጤና አዳሙን ብንልክ ይሻል ነበር።» ውሃ ማጠጣቷን ቀጠለች። ቆይታ «እኔ ብሆን...» ስትል «ዝም ትይ ነበር» አልኳት። «እሱን ልልሽ ነው» አለች።

ውጤቱ እስኪመጣ ሦስት ቀን ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ድረስ በእግሬ ወጣሁ ወረድኩ፤ ምንም አልገዛሁ፣ ማንንም አልጠየቅሁ። በአራተኛው ቀን አሰልጣኟ ደወለች። «ብቁ ተብለዋል እማማ። ሰውዬው ምን ብሎ ጻፈ መሰለዎት? ስህተቷን ራሷ አይታ አረመች ብሎ።» ስልኩን ሳልዘጋ ነው ለባልደረባዬ የጮህኩት።

ወረዳ ወረቀቱን አየና በበኩሉ ሌላ ወረቀት ሰጠን፤ ቦታውን ያዙ የሚል። በማግስቱ ባልደረባዬ «እንግዲህ የኛ ከሆነ ዳር ያሉት ጽጌረዳዎች ላስቲካቸው ይውለቅና ሥር ይስደዱ» አለችኝ። ጀመርኩ። ስድስቱን አውልቄ ተከልኩ። ሰባተኛው ላይ እጄ ቆመ።

«ምነው?»

«ይሄ የወረዳው ወረቀት እስከ መቼ ነው የሚለው? እኔ አላነብም፣ አንቺ አንብቢው።»

ከጉያዋ አወጣችው። ከላይ እስከ ታች አነበበች፣ ገለበጠችው፣ ጀርባውንም አየች።

«እስከ መቼ አይልም» አለች።

ስድስቱ ሥር ይስደዱ፣ የቀሩት ነገ ተነሱ ብንባል እንዲነሱ ከነላስቲካቸው ይቆዩ ተባባልን። ሰባተኛውን እንዳለ መልሼ አፈር አለበስኩት።