ከጥዱ ፊት የምትቆም ሴት

ብልባላ ላይ የራሱ ጣሪያ የሚያፈስበት ሰው እንኳ የጎረቤቱን ጓሮ ለማየት ጊዜ አያጣም። ባንቺዓለም ዛፍ ታመልካለች የሚለው ወሬም ከእንዲህ ያለ ሰው ነው የወጣ። እኔ ከእሷ ጋር አጥር እጋራለሁ፤ የማውቀውን ልንገራችሁ።

በጦርነቱ ጊዜ ቤቷ አጠገብ ከባድ መሣሪያ ከወደቀ ወዲህ እጇ ይንቀጠቀጥ፣ ትንፋሿም ደረቷ ላይ እየቆመ ያንቃት ጀመር። ጠበል ገባች፣ ጤና ጣቢያም ተመላለሰች። አምና የማርያም ማኅበራችን ጽዋ ሲሰጣት ጠላው እጇ ላይ ተደፋ። በእኛ ዘንድ ጽዋውን የተቀበለ ሰው የሚቀጥለውን ወር ድግስ ይደግሳል፤ የደፋ ግን ገደ ቢስ ነው ተባለና ተራዋ ለሌላ ተላለፈ። ማንም አልሰደባትም። ዝም ብለው ከእጇ ወሰዱት፤ እሷንም ያንገበገባት ይኸው ነው።

ከዚያ ጋሸና አካባቢ መንገድ ሠሪዎች ካምፕ ልብስ አጣቢ ሆና ገባች። እዚያ ሚስተር ቼን የሚባል ሽማግሌ ቻይና ነበር። ማሽኖቹ ሳይነሱ በማለዳ ወጥቶ፣ ጉልበቱን ሸብረክ አድርጎ፣ ትልቅ ጋን እንዳቀፈ ሰው ክንዶቹን ክብ ሠርቶ ይቆማል። ሴቶቹ ይስቁበታል፤ እሷም ስቃለች። አንድ ቀን ልብስ ስትጨምቅ እጇ ሲንቀጠቀጥ አይቶ ጠራት። መዳፉን ከእምብርቱ በታች አስቀምጦ ትንፋሹን ወደዚያ አወረደ፤ እሷም እንድትሞክር በእጁ አሳያት። አስተርጓሚው ኋላ እንደነገራት፣ ይህ የአገራቸው የማርሻል አርት ሥር ነው። ከመማታት በፊት የውስጥ ኃይልን ማጠራቀም ይማራሉ።

መጀመሪያ ጭኗ እሳት ሆነባት። ተወት አድርጋ፣ ተናዳ፣ እንደገና ቆመች። ሥራው አልቆ ወደ ብልባላ ስትመለስ ትንፋሿም እጇም ረግተው ነበር። እዚህም ጓሮዋ ካለው ጥድ ፊት በየጠዋቱ መቆም ቀጠለች፤ ጥዱ ነፋስ ይከልልላታል። ታዲያ በእኛ አገር ዛፍ ፊት ክንዱን ከፍቶ የቆመ ሰው ለአድባር ይገብራል እንጂ ሌላ ምን ይባላል?

የኅዳር ማርያም ድግስ የእኔ ተራ ነበር። ጽዋውን ለባንቺዓለም ላስረክብ ስነሳ ማኅበሩን የምትመራው ሙሴያችን ይማርሽ ከለከለችኝ።

«ጽዋ ለዛፍ ከምትሰግድ ሴት ቤት አይገባም» አለች።

የንስሐ አባታችን አባ ገብረ ዮሐንስ ነገሩን ሊያበርዱ ፈለጉ። «ልጄ፣ ይኸን የቻይና ነገር ተይውና ተራሽን ውሰጂ።»

«አልተወውም አባቴ» አለች። «የምቆመው አባታችን ሆይን ደግሜ ነው። ጥዱም ጥድ እንደሆነ አውቃለሁ። ትንፋሼን የሰጠኝ እግዚአብሔር ነው፤ እንዴት እንደምይዘው ያሳየኝ ደግሞ ያ ሽማግሌ። አንዳቸውንም አልክድም።»

ይማርሽ ሳቀች። «እንግዲያው ይሞላና ትያዘው። ያው እንዳምናው ነው።»

እኔም ተናድጄ ነበርና እስከ አፉ ሞላሁት። ባንቺዓለም መሀል ቤት ጉልበቷን ሸብረክ አድርጋ ቆመች፣ ክንዶቿን ዘረጋች፣ ተቀበለችኝ። አባ የጽዋውን ጸሎት ጀመሩ። ያን ቀን ጸሎቱ ረዘመ፤ ሆን ብለው ይሁን አይሁን እሳቸው ያውቃሉ። ከእኛ መካከል እግር የሚቀያይረው በዛ፣ ይማርሽም ግድግዳ ተደገፈች። የባንቺዓለም ጽዋ ግን ጠብ አላለም።

«ውሰጂው» አሏት አባ ሲጨርሱ። «ነገ ግን ከጥዱ ሥር እንዳላይሽ።»

«ከጥዱ ሥር አያዩኝም» አለች።

ደስ አላቸው። እኔ ግን ባንቺዓለምን አውቃታለሁ።

በማግስቱ ከጓሮ ወጥታ ከፊት ለፊት ደጇ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ሁሉ በሚያልፍበት መንገድ ዳር ቆመች። ይማርሽ አይታ አማተበችና አለፈች። አባ መጡ፣ ከፊቷ ቆሙ።

«አባቴ፣ ይፍቱኝ» አለች። አልተጎነበሰችም፣ ክንዶቿንም አላወረደችም።

አባ ትንሽ ጠበቁ። እንደማታወርድ ሲያውቁ መስቀላቸውን አውጥተው በክንዶቿ መሀል አሳለፉና ግንባሯን፣ ከዚያም ከንፈሯን አስነኩት።

«እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ። እሷም ቆማ ቀረች።