መርዶ በዋትስአፕ

ወደዚህ ጉዳይ የገባሁት ፈልጌ አይደለም። የእድራችን ሊቀ መንበር ጀርመን የሚኖረውን ልጃቸውን ጠይቀው ሲመለሱ ሁለት ነገር ይዘው መጡ፤ አንድ አዲስ ስልክና አንድ አዲስ እምነት። እምነታቸው የሠለጠነ ሰው መልእክት የሚለዋወጠው በዋትስአፕ ብቻ ነው የሚል ነበር። በወርኃዊው ስብሰባ ላይ ስልኩን ከፍ አድርገው እያሳዩ፣ «እዚያ ቴሌግራም ብትሉ የሚያውቃችሁ የለም» አሉን። በዚያው ዕለት ጥሩምባ ነፊያችን በክብር እንዲያርፍ፣ ከእንግዲህም የሞት ዜና እሳቸው በከፈቱት የዋትስአፕ ቡድን ብቻ እንዲነገር ተወሰነ። እኔ ልዩነቴ በቃለ ጉባኤ እንዲያዝልኝ ጠየቅሁ።

«ጋሼ ደግሞ፣ ጡረታ ወጥተውም ቃለ ጉባኤ!» አለ አንዱ ከኋላ። ተሳቀ። ልዩነቴ ግን ተያዘ።

እኔ በስልኬ ዋትስአፕ አልነበረኝም። ልጄ አረብ አገር ናት፤ በምትሠራበት አገር በዋትስአፕ ድምፅ መደወል ስለማይፈቀድ የምንገናኘው በኢሞ ነው። የቀረው ጉዳዬ ሁሉ፣ እንደ አብዛኛው የኮልፌ ሰው፣ ቴሌግራም ላይ ነበር።

ከቆርቆሮ አጥራችን ማዶ የሚኖረው ጎረቤቴ ልብስ ሰፊ ነበር። በመንግሥት ሥራ ባሳለፍኳቸው ዓመታት የለበስኩትን ሙሉ ልብስ ሁሉ የሰፋልኝ እሱ ነው። ታሞ ዘነበወርቅ ያለው ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ሁለት ጊዜ ጠይቄው፣ ሊሻለው ነው ብዬ ተመለስኩ። በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ፣ ከአጥሩ ማዶ ገና የለቅሶ ድምፅ ሳይሰማ፣ ከባለቤቴ ጋር አስኮ ወዳለችው እኅቴ ቤት ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ 18 ማዞሪያ ላይ ከታክሲ ወርጄ ወደ ሰፈር ስገባ በጎረቤቴ ደጅ ድንኳን ተተክሏል። ቀብሩ አልቆ ሰው እጁን እየታጠበ ነበር።

ሊቀ መንበሩ ድንኳኑ በር ላይ ቆመው ነበር።

«ደረሱ? መልእክቱ እኮ ጠዋት ወጥቷል።»

«በየት ነው የወጣው?»

«በዋትስአፕ ነዋ! ዓለም ባለበት። የጽሕፈት ቤት ሰው አይደሉም እንዴ፣ ማንበብ ማን ከለከለዎ?»

ከኋላቸው አንድ ሰው ሳቅ አፈነ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። የሟች ባለቤት ቀና ብላ አየችኝና፣ «ጋሼ፣ አፈር እንኳ ሳያለብሱት?» አለችኝ። መልስ አልጠበቀችም፤ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ከዚያን ቀን በፊት በየጠዋቱ ከአጥር ማዶ «እንዴት አደሩ» ትለኝ ነበር። ከዚያን ቀን በኋላ ኮቴዋ አጥሩ ድረስ መጥቶ፣ ሳሌን ስትሰማ ሲመለስ አዳምጥ ነበር።

በሚቀጥለው ስብሰባ ሊቀ መንበሩ የቀሪዎችን ስም አነበቡ። የእኔን ስም ሲያነሱ «ያለ በቂ ምክንያት» የሚል ጨመሩበት። መልእክቱ እንዳልደረሰኝ ባስረዳ፣ «አላየሁም ማለት ምክንያት አይሆንም፤ መልእክት ወጣ ማለት ተነገረ ማለት ነው» ብለው ዘጉት። ቅጣቱን ከፍዬ ደረሰኝ ተቀበልኩ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ በግል ማኅደሬ ውስጥ ያልገባ ቃል፣ በጡረታዬ፣ በገዛ ሰፈሬ ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፈረ።

ባለቤቴ መልኬን አይታ፣ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» አለችኝ።

«ጸሎቱን ለጊዜው ትቼዋለሁ» አልኳት።

ሥራዬን በጥናት ጀመርኩ። ያገኘሁትን የእድሩን አባል ሁሉ የሩቅ ዘመዱን በምን እንደሚያገኘው እጠይቅ ጀመር። ማዞሪያው ላይ ኪዮስክ ያላት ሴት፣ «እኅቴ ጅዳ ናት፤ ያለ ኢሞ እኅት የለኝም» አለችኝ። ወንድሙ ናይሮቢ የሚነግድ ጎረቤታችን ዋትስአፕ የሚከፍተው ለእሱ ብቻ ነው። የመኪና ዕቃ የሚያስመጣው ሰው ደግሞ ሳቀብኝ፤ «የኔ ቻይና ከዊቻት ውጭ ቢጠሩት ቢሞትም አይሰማም!» የጴንጤዎቹ መዘምራን መሪ የልምምድ መዝሙሮቹን ቴሌግራም ላይ ያስቀምጣል፤ ኔትወርኩ ደካማ ሲሆን እንኳ ቀስ ብሎ ይደርሳል ይላል። ሁሉም ስለ ኢሞውና ስለ ዋትስአፑ ከነገሩኝ በኋላ፣ «እዚህ ለእዚህማ ቴሌግራም ነው» ብለው ነበር የሚጨርሱት።

ነገሩ ገባኝ። ማንም ሰው ይህን ወይም ያንን የመረጠው ስለሠለጠነ ወይም ስላልሠለጠነ አይደለም። ሰው የሚናፍቀው ወዳለበት ይሄዳል፤ ያም የሚናፍቀው ሰው ያለበት አገር የፈቀደውን፣ ጎረቤቱ የለመደውን ይጠቀማል። ሊቀ መንበሩም ልጃቸው ወዳለበት መሄዳቸው አያስወቅሳቸውም ነበር። የልጃቸውን አገር ልማድ በእኛ ሬሳ ላይ ጫኑ፤ በደላቸው ይህ ነው።

በተከታዩ ስብሰባ መርዶ በቴሌግራም እንዲነገር ሐሳብ አቀረብኩ። የተነሣው እጅ ከመብዛቱ የተነሣ መቁጠር እንኳ አላስፈለገም። ሊቀ መንበሩ ተቆጡ።

«ቴሌግራም የወሬ ጎሬ ነው! እኔ ስልኬ ላይ አላስገባውም።»

«ይመዝገብልኝ» አልኩ። ተመዘገበ። መልእክት አውጪም እኔ ሆኜ ተመረጥኩ።

አንድ ነገር ረስተው ነበር። የእድሩን መተዳደሪያ ደንብ ከዓመታት በፊት ያረቀቅኩት እኔ ነኝ። ያለ በቂ ምክንያት ከቀብር የቀረ የሥራ አመራር አባል ከኃላፊነቱ ይነሣል የሚለው አንቀጽ የእኔ እጅ ሥራ ነው። አላየሁም ማለት ምክንያት አይደለም የሚለውን ትርጉም ደግሞ የሰጡት እሳቸው ናቸው። ሁለቱ እስኪገናኙ መጠበቅ ብቻ ነበር የቀረኝ። መጠበቅ ደግሞ ከመንግሥት ሠራተኛ በላይ የሚችል የለም።

የመዘምራኑ መሪ አባት በኅዳር መጀመሪያ ዐረፉ። መልእክቱን ራሴ ጻፍኩ፤ የሟችን ስም ከነማዕረጋቸው፣ የቀብሩን ቦታና ሰዓት አንድ ሳላጎድል። ከዚያ ጥቁር ካፖርቴን፣ ያንኑ ጎረቤቴ የሰፋልኝን፣ ለብሼ ወጣሁ። ወደ አውቶቡሱ የሚወስደው መንገድ በሊቀ መንበሩ በር ያልፋል። ከግቢው ውስጥ ድምፃቸው ጮክ ብሎ ይሰማ ነበር፤ ከጀርመን ጋር እያወሩ ነው። «እዚህማ ፀሐይ ነው ልጄ፣ ዛሬ የትም አልሄድም» ይሉ ነበር።

ቆምኩ። አንድ ጊዜ ማንኳኳት ይበቃ ነበር። እጄ ግን ከካፖርቴ ኪስ አልወጣም። ሌሎቹም አባላት በዚያው በር አለፉ፤ ሊቀ መንበር የሆነ ሰው አልሰማም ብሎ የጠረጠረ አልነበረም። የጠረጠርኩት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔም አለፍኩ። ደግሜ ባልፍ ደግሜ አላንኳኳም።

ከቀብር ተመልሰን ድንኳን ውስጥ እንደተቀመጥን እየሮጡ መጡ። በሩ ላይ ተቀበልኳቸው።

«ደረሱ?» አልኳቸው። «መልእክቱ እኮ ጠዋት ወጥቷል።»

ከኋላዬ አንድ ሰው ሳቅ አፈነ። ያው ሳቅ ነበር፤ ወገን ቀይሮ።

ጠቅላላ ጉባኤው በሚካኤል ማግስት ተሰበሰበ። ሊቀ መንበሩ ተነሥተው ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ።

«ቤቴ ከቤታቸው ሦስት ቤት ነው የሚርቀው! እያወቁ በሬን ማንኳኳት አቃታቸው?»

«ልብስ ሰፊው በሞተ ቀን» አልኩ ከመቀመጫዬ ሳልነሣ፣ «የእኔ ቤት ከእርስዎ ቤት ስንት ቤት ይርቅ ነበር?»

ያኔ የልብስ ሰፊው ባለቤት ተነሣች። በስብሰባ ተናግራ አታውቅም።

«የእኚህን በር ያን ቀን ያንኳኳ አለ?» አለች። «እኔ ሐዘን ላይ ነበርኩ፤ እናንተስ?» ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼ፣ እውነት አልሰሙም ነበር?»

«አልሰማሁም።»

«እኔ እኮ ስልክም የለኝ» አለች፤ አሁን ለሁሉም ነበር የምትናገረው። «ልጁ ጀርመን ላለም፣ ልጁ ጅዳ ላለም፣ ልጅ ለሌለውም አንድ ሆኖ የሚሰማው ጥሩምባ ነው። ምን በደለና ነው ያስቀራችሁት? ይመለስልን። የጋሼም ስም ይስተካከል።»

ስትቀመጥ ከሩቅ ራሷን ዝቅ አድርጋ ሰላም አለችኝ። ሊቀ መንበሩ ከዚያ በኋላ የተናገሩትን አላዳመጥኩም። ቃለ ጉባኤውን እንድይዝ ተጠይቄ ነበርና ብዕሬን አነሣሁ፤ የተወሰነውንም እንዲህ ብዬ አሰፈርኩ፦ ሊቀ መንበሩ ያለ በቂ ምክንያት ከቀብር በመቅረታቸው በደንቡ መሠረት ከኃላፊነት ተነሥተዋል፤ በጸሐፊው ላይ ቀደም ሲል የተመዘገበው የቀሪነት ቃል ተሰርዟል፤ ጥሩምባ ነፊው ወደ ሥራው ይመለሳል፤ የቴሌግራም መልእክትም ከጥሩምባው በኋላ ይወጣል። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ ኅዳር 13 ቀን።