የታጠቡት ድንጋዮች

በጣልያን ዘመን፣ ዛሬ ፍኖተ ሰላም ከምንላት ከተማ ወደ ቡሬ የሄድኩት ለታናሽ ወንድሜ ብዬ ነው። ለአርበኞች ስንቅ አቀበለ ተብሎ ታስሮ ነበር። አንድ ጣልያናዊ ተመራማሪ፣ «የምፈልገውን የውኃ እንስሳ ካገኘሁ እንዲፈቱት እጽፋለሁ» ስላለኝ አስተርጓሚው ሆንኩ። አመንኩት፤ ይህን ባስታወስኩ ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል።

መንገድ ላይ

መኪናው ሁለት ጊዜ ጭቃ ያዘው። ገበሬዎች ከእርሻቸው ተጠርተው ገፉት፤ ያመሰገናቸው የለም። ማንኩሳ ስንደርስ የእናቴን ደጅ ሳልወርድ አለፍኩት። ሰውየው መንገዱን ሙሉ ስለ እንስሶቹ ያወራል።

«የድንጋይ ሽበት ይመስላሉ እንጂ እንስሳት ናቸው» አለኝ። «እልፍ ሆነው ተያይዘው ይኖራሉ። እያንዳንዱ በአፉ ዙሪያ ባሉ ፀጉር መሳይ እጆቹ ምግቡን ከውኃው ይለቅማል። ወገናቸውን የምለየው በዘራቸው ነው። ከጤፍ የሚያንስ፣ ድርቅ የማይገድለው ዘር አላቸው።»

ቡሬ

ከቡሬ በታች፣ ማሳቸው ከወንዙ የሚዋሰን አያ ተሰማ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። «ከወንዙ ድንጋይ አውጥተው ይጠብቁን» የሚለውን ትእዛዝ ያደረስኩላቸው እኔ ነኝ። በማግስቱ ስንመጣ ድንጋዮቹ ሣር ላይ ተደርድረው ያበራሉ።

«በአሸዋ ፈትጌ አጠብኋቸው፣ ልጄ። ለእንግዳ ጭቃ አይሰጥም» አሉኝ።

ጣልያኑ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ገለበጠ። አንድም እንስሳ አልቀረም። «አውቆ ነው ያጠፋብኝ!» ብሎ ሽማግሌውን በጥፊ መታቸው። በራሴም ተናደድኩ፤ የአገሬን ወግ እያወቅሁ «አይጠቡት» አላልኳቸውም።

አያ ተሰማ የወደቀ ጋቢያቸውን አነሱ። «ምን አጥፍቼ ነው?» አሉኝ። ነገሩን ነገርኳቸው።

«እና ራሱ ገብቶ አይፈልግም? ወንዙን ይፈራዋል እንዴ?» አሉ።

እሱ አልገባም፤ የገባሁት እኔ ነኝ። ወገቤ ድረስ ጠልቄ፣ ከሰመጠ ቅርንጫፍ ላይ ቡናማ ክር መሳይ ነገር አገኘሁ። በማጉያው መስታወት ሳየው፣ በክሩ ጫፍ ሁሉ ጥቃቅን እጆች ተከፍተው ይርገበገባሉ። ውኃውን በጣቴ ብነካው ሁሉም ባንዴ ተሸሸጉ። እንደዚያ ተናድጄም እንኳ ደነቀኝ። ስለ ወንድሜ ብዬ ሰጠሁት፤ ከነዘሩ አልኮል ውስጥ ከተተው። ለሽማግሌው ጀርባውን ሰጥቶ ወደ መኪናው ሄደ።

ማንኩሳ

እሱ ቡሬ ቀርቶ እኔን የታሸገ ደብዳቤ አስይዞ ወደተነሣንባት ከተማ፣ ወንድሜን ወዳሰረው አዛዥ ላከኝ። ቋንቋውን መናገሬን እንጂ ማንበቤን አያውቅም። ቀኑን ሙሉ በእግሬ ተጉዤ እናቴ ቤት ስደርስ ደብዳቤውን ከፈትኩት።

«አስተርጓሚው ይጠቅመኛል። ወንድሙን አትፍቱት፤ እሱ እስር ቤት እስካለ ድረስ ይሄ አይከዳኝም» ይላል።

ጉዞው ያስተማረኝ ይህንን ነው፦ አያ ተሰማ ለጠላት እንኳ ድንጋይ አጥበው ሰጡ፤ ያ የተማረ ሰው የገዛ ቃሉን መጠበቅ አቃተው።

እናቴ አጠገቤ ተቀመጠች። «ምን ይላል? መቼ ነው የሚፈቱት?» አለችኝ።

ስንት ቀን የሰው ነገር ስተረጉም የሰነበትኩ ሰው፣ ያችን ሁለት መስመር ለእናቴ መተርጎም አቃተኝ።