ሂተሯ በደከመ መኪና ከሉዊስ ሴንተር ግሮቭ ሲቲ ደርሶ መልስ

ከሉዊስ ሴንተር እስከ ግሮቭ ሲቲ በሰባ አንድ ቁጥር አውራ ጎዳና ሠላሳ ማይል አይሞላም። መንገዱ ክፍት ከሆነ ከግማሽ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። እኔ ግን ኮሮና ገና ባልለቀቀበት በ2021 ፌብሩዋሪ አንድ ቀን ጠዋት ከቤት ወጥቼ የተመለስኩት ከሰዓት በኋላ ነው። የሄድኩት ባለቤቴን ሐያትንና የሁለት ቀን ልጃችንን ከሆስፒታል ለማምጣት ነበር።

ልጅቷ ሦስት ሳምንት ቀድማ መጣችብን። ወደ ሉዊስ ሴንተር የተዛወርነው በቅርቡ ነው፤ ሐያት ግን ሐኪሟን መቀየር ስላልፈለገች የወለደችው በፊት እንኖርበት በነበረው በግሮቭ ሲቲ በኩል ነው። የሕፃን ካርሲት፣ መኪና ውስጥ የሚታሰረውን ወንበር፣ ገዝተን ነበር፤ ያለዚያ ሕፃን ይዞ ከሆስፒታል መውጣት አይቻልም። ችግሩ ካርሲቱ ከነካርቶኑ ቤት ቀርቷል። በኮሮናው ምክንያት ከወላድ ጋር የሚፈቀደው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ከወጣ አይመለስም። ካርሲቱን ላመጣ ማታ ስወጣ በረኛው፣ “ነገ በሩ ላይ ቁምና ደውል፤ ይዘንልህ እንወርዳለን” አለኝ። ነርሷ ደግሞ ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዲስቻርጅ አድርገው እንደሚያስወጧቸው ነገረችን። ሰዓቱን በዚህ አገር አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

8:40፣ ሉዊስ ሴንተር

ስነሣ ስልኬ ሦስት ፋራናይት አሳየኝ። በእኛ መለኪያ ከዜሮ በታች አሥራ ስድስት ማለት ነው። አሮጌዋ መኪናዬ እያቃሰተች ተነሣች። ሂተሯ፣ ውስጧን የሚያሞቀው፣ ከደከመ ወር አልፎታል። ብቻዬን ወደ መጋዘን ሥራ ስመላለስ ወፍራም ጃኬትና ጓንት አድርጌ ስለምነዳት ነገ ዛሬ እያልኩ ቆይቻለሁ። ያን ዕለት ጠዋት ግን የምጭነው ጃኬት የለበሰ ሰው አልነበረም።

ሞተሩን አስነሥቼ የኋላ ወንበር ላይ ካርሲቱን ስገጥም ሃያ ደቂቃ ያህል ፈጀብኝ። ሲያልቅ እጄን የአየር መውጫው ላይ አደረግሁ። ንፋሱ ብርቱ ነው፤ ግን በረዶ ነው። የሞተሩን ሙቀት የምታሳየውን መርፌ አየሁ፤ መሀል ላይ ናት። ሞተሩ ሞቋል፣ ንፋሱ አልሞቀም። እንዴት እንደሆነ አልገባኝም። ማታ ያየሁት ቪድዮ፣ “የውጭውን አየር ዝጋ፣ የውስጡን አሽከርክር” ይላል። ቁልፉን ስጫን ትንሽ የተሻለ መሰለኝ፤ ወዲያው ግን ትንፋሼ መስታወቱ ላይ በውስጥ በኩል ወደ በረዶ ተቀየረና መንገዱ ጠፋኝ። ቁልፉን ስመልሰው መስታወቱ ጠራ፣ እኔ በረደኝ። የቱ እንደሚሻል ሳልወስን ወጣሁ።

አውራ ጎዳናው ላይ ገብቼ ፍጥነቴ በሰዓት ስልሳ ማይል ሲደርስ እግሬ አካባቢ ሙቀት ተሰማኝ። ትንሽ ቆይቶ እጄም ሞቀ። ጓንቴን አወለቅሁ። ችግሩ በራሱ ጊዜ የተፈታ መስሎኝ መንገዴ ላይ ባለው የሞርስ ሮድ ጋራዥ ቆሜ የማሳየት ሐሳቤን ልተወው ነበር። ከፊቴ ያለው መኪና ፍሬን ሲይዝ እኔም ዝግ አልኩ። ያኔ ንፋሱ እንደገና በረደ። ሞርስ ሮድ መውጫ ላይ ቀይ መብራት እስኪለቀኝ ድረስ ጓንቴን መልሼ አጥልቄ ነበር።

9:30፣ ሞርስ ሮድ

ጋሼ ተፈራ ከሱቆቹ ጀርባ ሁለት መኪና የምትይዝ ጋራዥ አላቸው። የሐበሻ መኪና ሲታመም የሚሄደው እሳቸው ጋ ነው። ብርዱ የብዙ ሰው ባትሪ ስለገደለ ደጁ ሞልቷል። ማስካቸውን ከአገጫቸው ወደ አፍንጫቸው ስበው ከሩቅ አናገሩኝ።

“ስትሮጥ ትሞቃለች፣ ስትቆም ትበርዳለች ነው የምትለኝ?”

“አዎ ጋሼ።”

“ኩላንት ጎድሎባት ይሆናል። በራዲያተሩ ውስጥ የሚዞረው ውኃ ማለቴ ነው። ግን አሁን ከሃይዌይ ነው የመጣኸው፣ ግላለች። ክዳኑን ብከፍተው ፊቴ ላይ ነው የሚፈነዳው። አንድ ሰዓት አቁማት።”

“በአሥራ አንድ ሰዓት እነሐያትን ያስወጧቸዋል። አንድ ሰዓት ቆሜ፣ ተራም ጠብቄ አልደርስም።”

“እንግዲህ አንተ ታውቃለህ” አሉኝ። አንድ ጋሎን የተበጠበጠ ኩላንት በአሥራ አምስት ዶላር ሰጡኝ። “ስትበርድ ጨምርባት። ስትግል እንዳትነካት” ብለው ባትሪው ወደ ሞተበት ወደ አንዱ ደንበኛ ሄዱ።

ተራ የሚጠብቅ አንድ ቀይ ኮፍያ ያደረገ ሰው ንግግራችንን ሰምቶ ኖሮ ተጠጋኝ። “ሚኒሶታ እያለሁ ከራዲያተሩ ፊት ካርቶን እንከት ነበር። ንፋሱን ይከለክልልሃል፣ ሞተሩም ይሞቃል፣ ሂተሩም ይሞቃል” አለኝ። ነገሩ ለጆሮ ደስ ይላል። አንዱ አቁም ይላል፣ ሌላው ሸፍነህ ንዳ ይላል። እኔ የቸኮለ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ የሚያስነዳኝን መረጥኩ። መኪናዋ ውስጥ ይዤው የወጣሁትን የካርሲቱን ካርቶን ቆርጬ ከፊት አስገባሁት። ጋሼ ተፈራን ተመልሼ ብጠይቃቸው ኖሮ ይከለክሉኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ጀርባቸውን ሰጥተውኛል።

10:15፣ ከዳውንታውን ወደ ደቡብ

መጀመሪያ ላይ ሞቀኝ። የዳውንታውንን ሕንፃዎች ሳልፍ ሰውየውን በልቤ አመሰገንኩት። ከዚያ፣ ፍጥነቴን ሳልቀንስ፣ ንፋሱ ቀስ በቀስ በረደ። እንደገና አልገባኝም። እስካሁን የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር ስትሮጥ ትሞቃለች የሚለው ነበር፤ እሱም ጠፋ። መርፌዋን ሳይ ደግሞ ከመሀል አልፋ ወደ ቀዩ መስመር እየወጣች ነው። እኔ እየተንቀጠቀጥኩ ሞተሩ እየፈላ ነው። መኪናዋ በርዷት ነው ወይስ ሞቋት? ሂተሩን ልጨምር ወይስ ላጥፋ? ሁለቱንም ሞከርኩ። በመጨረሻ ፍራንክ ሮድ መውጫ ላይ ወርጄ አንድ ነዳጅ ማደያ ገባሁ። ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ይወጣል፤ ጣፋጭ ጣፋጭ የሚል ሽታ አለው።

መንገድ ላይ ጨው የሚበትን ትልቅ የጭነት መኪና እዚያው ቆሟል። ሾፌሯ ፀጉሯ የሸበተ፣ ብርቱካንማ ሰደርያ የለበሰች ሴት ነች። ቡናዋን ይዛ መጣችና፣ “አጥፋው” አለችኝ። “ኮፈኑን ክፈት። ክዳኑን እንዳትነካ።” ኮፈኑን ስከፍት ካርቶኑን አየችው።

“ይህን ማን አስገባው?”

“እኔ ነኝ።”

“ይሄ ለጤነኛ መኪና ነው” አለች፤ ስባ አውጥታም ለእኔ አስያዘችኝ።

ከዚያ እየበረደን ነገሩን አስረዳችኝ። ከዳሽቦርዱ ኋላ ሌላ ትንሽ ራዲያተር አለ። የሞተሩ ትኩስ ውኃ በእሱ በኩል ያልፋል፣ ንፋሱ እሱን ነክቶ ይሞቃል። “ውኃው ሲጎድል ንፋሱ ምን ነክቶ ይሙቅ? ስትሮጥ ፓምፑ ያለችውን ጥቂት ውኃ ይገፋታል። ስትቆም አትደርስም። አሁን ደግሞ እሷም አልቃለች።” ስንት ሰው ጠይቄ ያልገባኝ ነገር በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ያኔ ገባኝ።

ሐያት ኮል አደረገች። አሥራ አንድ ሊሆን አሥር ደቂቃ ቀርቶታል።

“የት ደረስክ?”

ነገርኳት። ከዚያ፣ “አሊ ቫኑን ይዤ ልምጣ ብሎኛል። የእሱ ሂተር ይሠራል” አለች። አሊ የመጋዘን ሥራ ባልደረባዬ ነው።

“አሊ ከኮሮና ከተነሣ ስንት ቀኑ ነው?”

“ዘጠኝ ቀን መሰለኝ። ሲያወራኝ ግን አሁንም ያስለዋል።”

“ታዲያ?”

“ታዲያማ እኔስ መች አወቅሁ። ብርድ ይሻላታል ወይስ ሳል?”

ሁለታችንም የሁለት ቀን ወላጆች ነን። እኔ፣ “አሊን ጥሪው” ልል አፌን ስከፍት እሷ ቀደመችኝ። “ጡት በደንብ አልያዘችም እላቸዋለሁ። እውነትም አልያዘችም። ሳትጠባ አያስወጡንም። አንተ ብቻ ረጋ በል፤ መኪናዋ ስትበርድ ክዳኗን ክፈት።”

አርባ ደቂቃ ያህል ጠበቅን። ሴትየዋ ሰዓቷን ብታይም አልሄደችም። በመጨረሻ በወፍራም ጨርቅ ይዛ ክዳኑን ቀስ ብላ ከፈተችው፤ ትንሽ ተነፈሰና ዝም አለ። ጋሎኑን ስቀዳ ትሞላለች ብዬ ስጠብቅ ስጠብቅ ጠርሙሱ ሊያልቅ ጥቂት ቀረው። ሞተሩን አስነሥቼ ነዳጅ ሰጠሁት፤ ውስጡ ያለው አየር እስኪወጣ ነው አለችኝ። እጄን የአየር መውጫው ላይ አደረግሁ። ቆመን ሳለ፣ ሳንሮጥ፣ እጄን የሚያቃጥል ሙቀት መጣ።

“ወዴት ትሄዳለህ?” አለችኝ።

“ልጄን ላመጣ፣ ከሆስፒታል።”

“ስለዚህ ውኃው ወዴት እንደሄደ ፈልግ። ዛሬ ያደርስሃል፤ ነገ ግን እንዳትነዳት” ብላ ወደ መኪናዋ ወጣች። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም።

12:05፣ ግሮቭ ሲቲ

ካርሲቱን ነቅዬ በሩ ላይ ለበረኛው ሰጠሁና ለሐያት ደወልኩ። ሞተሩን አላጠፋሁም። እየጠበቅሁ ዓይኔ ከመርፌዋ ወደ አየር መውጫው፣ ከአየር መውጫው ወደ መርፌዋ ይመላለሳል። ሐያት በተሽከርካሪ ወንበር ስትወርድ ነርሷ ልጅቷን በካርሲቱ ይዛ ከኋላዋ መጣች። ልጅቷ የለበሰችው ስስ ልብስ ነው። ካፖርት የለ፣ ምን የለ። ወፍራሙ የበረዶ ልብሷ በላስቲክ ታጥፎ ሐያት ጭን ላይ ተቀምጧል።

“ልብሷን ረሱት?” አልኳት ሐያትን በአማርኛ።

“አይፈቀድም አለች። ወፍራም ልብስ ከቀበቶው ሥር ከገባ ቀበቶው አይዛትም።”

ጠዋት ሙሉ ከብርድ ጋር ስታገል ቆይቼ ልጄን እንዲህ አራቁተው አመጡልኝ። ነርሷ ግን ቀበቶውን አጥብቃ ብርድ ልብሱን ከላይ ደረበችላትና እጇን ወደ መኪናው ውስጥ አስገብታ ሙቀቱን ፈተሸች። “ጥሩ ነው” አለች። ካርሲቱን መልሼ ስገጥም ሐያት ከኋላ፣ ከልጅቷ አጠገብ ተቀመጠች።

12:40፣ መልስ

ፀሐይ ወጥታለች፤ ብርዱ ግን ያው ነው። ሂተሩን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ቀይ መብራት ፊቴ ሲመጣ ልቤ ይደነግጣል፤ ቆሜ እጄን እዘረጋለሁ፤ ትኩስ ነው። ጃኬቴን በአንድ እጄ እየነዳሁ አወለቅሁ። ሐያትም ሻርፗን ፈታች።

“ትንሽ ቀንሰው” አለችኝ ሞርስ ሮድን ስናልፍ።

“ቢበርዳትስ?”

“ተኝታለች።”

“በርዷት ይሆናል ዝም ያለችው።”

ብርድ ልብሱን አስተካከለችላት። ምናልባት እሷም ጠረጠረች። አልቀነስኩትም።

1:35፣ ቤት

ካርሲቱን ተሸክሜ ደረጃውን ሮጥኩ። ሳሎን ምንጣፉ ላይ አስቀምጬ ብርድ ልብሱን ገልጬ እጇን ያዝኩ። ጣቶቿ እንደ በረዶ ቀዝቅዘዋል። “ሐያት፣ እጇ በርዷል” አልኩ፤ ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። ወደ ሆስፒታል ልንመለስ ነው ብዬ የመኪናዋን ቁልፍ ኪሴ ውስጥ እየፈለግሁ ነበር።

ሐያት ቀስ ብላ አጠገቤ ተንበረከከች። “እጇን ተወው፤ የሕፃን እጅ ሁልጊዜ ይበርዳል፣ ነርሷ አሳይታኛለች። ማጅራቷን ንካ።”

ጣቴን ከአንገቷ ኋላ አስገባሁ። ትኩስ ነው። ትኩስ ብቻ ሳይሆን እርጥብ ነው፤ ስሱ ፀጉሯ በላብ ተጣብቋል።

“አልቧታል” አለች ሐያት፣ እየሳቀችና እያለቀሰች። “ቀንሰው አላልኩህም?”

ከመምሸቱ በፊት ወርጄ መኪናዋን አየኋት። ከሥሯ በረዶው ላይ አረንጓዴ ኩላንት ተንጠባጥቧል። በማግስቱ ጋሼ ተፈራ ሌላ ደንበኛ ሲያደርሱ ቤታችን ድረስ ጎራ ብለው አንድ የተሰነጠቀ ቱቦ አገኙ፤ እዚያው ቀየሩልኝ። ሴትየዋ እንዳለችው ነው፤ ትንሽ ብንቆይ ኖሮ መንገድ ላይ እንቀር ነበር።

ከዚህ ጉዞ ምን ተማርክ ብባል፣ ስለ ሂተርማ አሁን ጥቂት አውቃለሁ። መስታወቱ በረዶ ሲይዝ ምን እንደማደርግ፣ ካርቶን መቼ እንደሚጠቅምና መቼ እንደሚጎዳ እነግራችኋለሁ። ከዚያ ይልቅ የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ከግሮቭ ሲቲ እስከ ሉዊስ ሴንተር መርፌዋን አየሁ፣ አየር መውጫውን ዳሰስኩ፣ ቀይ መብራቱን ፈራሁ። መንገድ ዳር ቆሜ እጄን ወደ ኋላ ሰድጄ ማጅራቷን ብነካ ግን ልጄ ራሷ ትነግረኝ ነበር። ብርዱን የፈራሁት እኔ ነበርኩ፤ እሷን አንድም ጊዜ አልጠየቅኳትም።