ዮርዳንካ ያፈሰሰችው ውሃ

ጓደኛዬ ዮርዳንካ ምራቷን ስትተርብ ሕንጻው ሁሉ ይሰማል። እኔ ምድር ቤት ስለምኖር አንዱም አያመልጠኝም።

«አርባ ሊሞላሽ ነው እኮ! ልጅሽ ስታጠና አንቺም አብረሽ? ማን ማንን ሊያሳድግ ነው?»

ምራቷ ዝላትካ መምህርነት እየተማረች አረገዘችና አቋረጠች፤ ከዚያ እዚሁ ከተማችን ሩሴ ውስጥ የሕዝብ አውቶቡስ ስትነዳ ዕድሜዋ ነጎደ። ልጇ ራሊትሳ ከፍ ስትል ግን ሥራዋን ሳትለቅ ተመልሳ ተመዘገበች። የመነሻ ሰዓቷን ስትጠብቅ መጽሐፏን መሪው ላይ ዘርግታ ታነብ ነበር። የቀራት በፈታኞች ፊት አንድ ክፍል ማስተማር ብቻ ነው። አንዴ ሞክራ ወድቃለች። አሁን ከደገመችው ያ ሁሉ ልፋት ገደል ገባ።

እኛ ዘንድ ፈተና የሚሄድ ሰው ከደጁ ሲወጣ እግሩ ሥር ውሃ ይፈሳል፤ ነገሩ እንደ ውሃ ይውረድለት ለማለት ነው። የፈተናው ዕለት ማለዳ ኮቴ ሰምቼ ብወጣ፣ ዮርዳንካ በሌሊት ልብሷ ማንቆርቆሪያ ይዛ የውጭውን ደረጃ ታጠጣለች።

«አየሽኝ?» አለች ደንግጣ።

«አየሁሽ።»

«ትነግሪያትና ወዮልሽ! ትንቀባረርብኛለች።»

ደግነቷን ስትደብቅ የካቲት፣ ብርዱ ውሃ የሚያረጋበት ወር፣ መሆኑን ረሳችው። ዝላትካ ስትወጣ ውሃው በረዶ ሆኖ ጠበቃት። ተንሸራታ ወደቀች፤ ቀኝ እጇ ወዲያው አበጠ።

«ሐኪም ቤት እንሂድ!» አልኳት።

«ከፈተናው በኋላ!» አለችና በአንገት ልብሴ እጇን አስራ ሄደች።

ዮርዳንካ እኔ ጋ ወጥ ቤት ተቀምጣ ተንሰቀሰቀች። «በገዛ እጄ ጣልኳት! ፈተናውን ብትወድቅ በምን ዓይኔ አያታለሁ?» አላባበልኳትም። ያን ሁሉ ተረብ ስሰማ ኖሬ፣ ትንሽ ታልቅስ አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ዝላትካ በሩን በርግዳ ገባች። «ጠመኔ መያዝ አቃተኝ! ልጆቹን ኑ ጻፉልኝ ብላቸው ሁሉም ግር ብለው መጡ። እኔም በአውቶቡሱ ድምፄ፣ ‹መተላለፊያ አትዝጉ! ወደ ኋላ ጠጋ ጠጋ!› አልኳቸው። ፈታኞቹ ሳይቀሩ ሳቁ። ከዚያማ ክፍሉ የእኔ ሆነ። ስድስት አገኘሁ፣ ስድስት!»

ከስድስት በላይ ውጤት የለም። እልል ብዬ ጮህኩ። ዮርዳንካ ግን አንገቷን ደፍታ፣ «ውሃውን ያፈሰስኩት እኔ ነኝ» አለች።

«እርስዎ? ለእኔ?» ዝላትካ በደህናው እጇ አቅፋት አለቀሰች። «እማማ፣ እግሬም ቢሰበር ግድ የለኝም!»

መስከረም ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ልታስተምር ስትወጣ ዮርዳንካ ባልዲ ሙሉ ውሃ ይዛ ደጅ ቆማ ነበር። «ጎረቤት! ውጡና እዩ! መምህርቷ ምራቴ ናት!» ብላ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየ ደረጃውን አጥለቀለቀችው። እኔም በሰበስኩ። ዝላትካም አዲሱን ጫማዋን ሳትሳሳለት ውሃው መሃል እየረገጠች ሄደች።