ምስር የሚለቀምበት ብርሃን

በደርግ ዘመን ላሊበላ አስተማሪ ሳለሁ አንዲት ካሜራ ነበረችኝ። ደሴ ውስጥ ፎቶ ቤቱን ዘግቶ ወደ ሌላ ሥራ ሊገባ ካሰበ ሰው ላይ ነው የገዛኋት። የቆዳ ማኅደሯ ተልጧል፤ የብርሃን መለኪያዋም ከሞተ ቆይቷል። ሰውየው ሌንሷን በሸሚዙ ጫፍ ወልወል አድርጎ፣ «ዓይኗ ደኅና ነው፤ ሌላውን እያነሳህ ትማረዋለህ» አለኝ። ሌላውን ለመማር ብዙ ዓመት ፈጀብኝ።

ፎቶ ማንሳት እንጀራዬ አልነበረም፤ ደስ ስለሚለኝ ብቻ ነው የማነሳው። ትምህርት በሌለበት ቀን አንገቴ ላይ አንጠልጥያት ቅዳሜ ገበያ እወርዳለሁ፤ ማር ሻጮቹንና ጨው የጫኑትን አህዮች አነሳለሁ። ከዚያ ወደ ቤቴ ሄጄ ባለቤቴ ልጃችንን ስታጥብ አነሳለሁ። ልጃችን እስከ አራት ዓመቷ ድረስ ብዙ ፎቶ አላት። ግማሹ ግን ጭንቅላቷ የተቆረጠ፣ ግማሹ ደግሞ የጠቆረ ነው። ላሊበላ ውስጥ ፊልም አይሸጥም፣ አይታጠብም። የጨረስኩትን በሹፌር እጅ ደሴ እልክና ሳምንታት እጠብቃለሁ። ክረምት ከገባማ መንገዱ ስለሚዘጋ ሰኔ ላይ ያነሳሁትን የማየው ጥቅምት ላይ ነው። ባለቤቴ፣ «ያንተ ፎቶ ከላም እርግዝና በምን ይሻላል?» ትለኝ ነበር።

አንድ ፋሲካ ሰሞን የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ደብዳቤ ጻፈልን። ለውትድርና ተወስዶ ሰሜን ጦር ግንባር ከደረሰ ዓመት ሊሞላው ነበር። እኔው ያስተማርኩት ልጅ ስለሆነ የእጅ ጽሑፉን ገና ከፖስታው ላይ ለየሁት። «ጓደኞቼ የወላጆቻቸውን ፎቶ ያሳዩኛል፤ እኔ የማሳየው የለኝም» ይላል። «አንተ ካሜራ አለህ። አባቴንና እናቴን አንሳና ላክልኝ።»

አማቶቼ የሚኖሩት ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ በሚወስደው መንገድ፣ ከላሊበላ ግማሽ ቀን በሚያስኬድ መንደር ነው። አማቴ ቄስም ገበሬም ነበሩ። እሳቸውም ባለቤታቸውም በዕድሜያቸው ፎቶ ተነስተው አያውቁም። ከባለቤቴ ጋር ቅዳሜ ሄደን አደርንና እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ፀሐይ አናት ላይ እስክትወጣ ጠብቄ፣ ሁለቱንም ከድንጋዩ ግንብ ፊት አቆምኳቸው።

«እንዳይንቀሳቀሱ» አልኩ። «እንዳይስቁም።»

አማቴ ጥምጥማቸውን አስተካክለው መስቀላቸውን እንደያዙ ቀጥ አሉ። ባለቤታቸው፣ እኔም እንደ ልጃቸው «እምዬ» ነው የምላቸው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ፊታቸው እስኪለወጥ ድረስ ቆሙ። አብረው አነሳኋቸው፤ ለየብቻም አነሳኋቸው። በሬዎቹንና ቤቱንም አልተውኩም። በማግሥቱ በዓል ስለነበር በይምርሐነ ክርስቶስ በኩል ዞረን፣ ዋሻውንና ጥዱን እያነሳሁ ተመለስን። ፊልሙ ሠላሳ ስድስት ነው የሚያነሳው። ቁጥሩ ሠላሳ ስድስትን አልፎ ሠላሳ ዘጠኝ ሲደርስ ፋብሪካው የመረቀልኝ መስሎኝ ደስ አለኝ።

ቤት ገብቼ ፊልሙን መልሼ ስጠቀልል እጀታው ምንም ሳይከብደኝ ዞረ። የካሜራዋን ጀርባ ስከፍት ፊልሙ እንዳስገባሁት ተቀምጧል። ጫፉ ፊልሙን የሚስበውን ጥርስ ስላልያዘ አንድ ስንዝር እንኳ አልሄደም። በሁለቱ ቀን ያነሳሁት ሁሉ አየር ኖሯል።

ለባለቤቴ የነገርኳት ሁለት ቀን ቆይቼ ነው። «ሂድና ራስህ ንገራቸው» አለችኝ። «በሰው አፍ የሚነገር አይደለም። እሱ ልጅም እዚያ ሆኖ እየጠበቀ ነው።»

ሌላ ፊልም ከደሴ እስኪመጣልኝ ግንቦት ሊያልቅ ሆነ። ያን ቅዳሜ ብቻዬን ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ሳዘጋጅ ነበር፤ ጥፋቱን በካሜራዋ ላይ ላሳብብ ወይስ ራሴ ልውሰድ እያልኩ። ስደርስ አማቴ ግድግዳውን ተደግፈው ዳዊት ይደግማሉ። እምዬ ከሩቅ አይተውኝ ኖሮ ደጅ ወጥተው ተቀበሉኝ።

«አመጣኸው?» አሉኝ፣ ገና ሳልቀመጥ።

ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋብኝ። «የለም እምዬ፤ አልወጣም» አልኩ። «ፊልሙን በደንብ ሳላስገባ ነው ያነሳኋችሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

እምዬ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ «ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ ትንፋሼን የያዝኩት በከንቱ ነው?» አሉና ሳቁ። እኔ ግን መሬት መሬት እያየሁ ነበር።

አማቴ ዳዊታቸውን ማኅደሩ ውስጥ ከተው፣ «አምና ገብሴን በረዶ ሲመታው አይተሃል» አሉኝ። «ከሰማይ ጋር ተጣላሁ? መልሼ ዘራሁ እንጂ። አሁን እግርህን ታጠብና ብላ።»

ሌላ ነገር አልተናገሩኝም። በኋላ ከብዙ ሰው ጋር ስሠራ፣ የደከሙበት ነገር በሌላው ስህተት ሲበላሽ እንዲህ ያለፉት ሰዎች በጣት የምቆጥራቸው ናቸው።

እሑድ ከቅዳሴ እንደተመለስን ካሜራዬን ይዤ ወደዚያው ግንብ ሳመራ እምዬ አስቆሙኝ።

«ልጄ፣ እዚያ እኮ ፀሐይዋ ዓይናችንን ወግታን ነበር። ያኔ እንግዳ ነገር ስለሆነብኝ ዝም አልኩህ እንጂ አንተ ራስህ አልታየኸኝም።»

«የት ይሻላል?»

«እኔ ምስር የምለቅመው በሩ ላይ ነው።»

የቤቱ በር ወደ ምዕራብ ነው። ጠዋት የቤቱ ጥላ ደጁ ላይ ያርፋል፤ ከጥላው ወዲያ ያለው አውድማ ግን በፀሐይ ይነጣል። እምዬ የሚቀመጡበትን ዱካ አውጥተው ጥላው ውስጥ አስቀመጡ። ከዚያ የአማቴን ንጹሕ ጋቢ አመጡና ከፊታችን፣ ፀሐዩ ላይ፣ ድንጋዩ ላይ ዘረጉት።

«ይኼ ለምንድን ነው?» አልኳቸው።

«ጋቢ ሳሰጣ ቤቱ ውስጥ ድረስ ይበራል። ያኔ ሰፌዴን ወደ ጋቢው አዞርና ጠጠሯን አንድ በአንድ አያታለሁ።»

ተቀመጡልኝና በካሜራዋ አየኋቸው። በፊት ጥቁር ጉድጓድ ሆኖ ይታየኝ የነበረው የአማቴ ዓይን ወለል ብሏል። የእምዬ የግንባር ንቅሳት ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይታያል። የተሰበረ ብርሃን መለኪያ ይዤ ከአንድ መጽሐፍ ስፈልገው የኖርኩትን ነገር፣ አንድ ፊደል ያልቆጠሩ ሴት በሰፌድ ሲሠሩበት ኖረዋል። ከዚያን ቀን ወዲህ ሰው ፎቶ አንሳኝ ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው የቤቱ እመቤት እህል የት እንደምትለቅም ነው። ይስቁብኛል፤ ግን ያሳዩኛል፤ ቦታውም አሳፍሮኝ አያውቅም።

ፊልሙን ሳዞር በግራ በኩል ያለችው እጀታ አብራ መዞሯን እያየሁ ነው፤ ይህን ደግሞ በራሴ ውርደት ተምሬዋለሁ። አንድ ሁለት አነሳሁ። እምዬ አሁንም ትንፋሻቸውን እንደያዙ ነው። አማቴ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ በለሆሳስ ተናገሯቸው።

«ከተክሊላችን ወዲህ ሰው ፊት እንዲህ ጎን ለጎን ተቀምጠን አናውቅም። ያን ቀንም ሸፍነውሽ ነበር። ዛሬ ገና ማየቴ ነው።»

እምዬ ሳቁ። እጃቸውን ከነነጠላቸው ወደ አፋቸው ሰደዱ፤ ግን ሳቁ ቀደማቸው። የካሜራዋን ቁልፍ ተጫንኩ። ወዲያው ደግሞ እጃቸው ተንቀሳቅሷልና ተበላሽቷል ብዬ አዘንኩ። ሌላ ሦስት ያህል፣ ጭምት ያሉበትን፣ ጨመርኩ።

ፊልሙ ክረምት ሳይገባ ለሚሄደው የመጨረሻ መኪና ደረሰ። ታጥቦ የመጣው ጥቅምት ላይ ነው። እንዳልኩት የእምዬ እጅ እንደ ጭስ ደብዝዟል፤ ፊታቸው ግን እየሳቀ፣ አማቴም ወደ እሳቸው በዓይናቸው ጥግ እያዩ፣ ጥርት ብለው ወጥተዋል። እኔ ጭምቱን መርጬ ለመላክ ፖስታ ሳዘጋጅ ባለቤቴ ከእጄ ወሰደችው። «ወንድሜ የጠየቀው እናቱን ነው» አለችና የሚስቁበትን አስገባችበት።

የዚያኑ ፎቶ ሌላ ቅጂ ለአማቶቼ ራሴ ይዤ ሄድኩ። እምዬ በሁለት እጃቸው ተቀብለው ብዙ ጊዜ አዩት።

«እናቴ ከየት መጣች?» አሉ።

«አንቺ ነሽ እኮ» አሏቸው አማቴ።

መልሰው አዩት። ቤታቸው ውስጥ መስተዋት የለም፤ ፊታቸውን አይተው የሚያውቁት ውኃ ሲቀዱ ነው። «እንግዲያ እናቴን መስዬ አርጅቻለሁ» አሉና ፎቶውን ከዳዊቱ ማኅደር ውስጥ አስቀመጡት።

ከጦር ግንባር የመጣው የባለቤቴ ወንድም መልስ አጭር ነበር። ፎቶው ጓደኞቹ እጅ ላይ እየዞረ ጠርዙ ማለቁን፣ እናቱ በምን እንደሳቁ ክርክር መነሳቱን ጽፏል። አባቱ ያሉትን ቃል በቃል ጻፍኩለት።

ከዚያ ድርቁ መጣ። ካሜራዬን ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩባት። ሰው ተርቦ ሳለ ወደ ፊቱ ካሜራ የማዞር ድፍረት አልነበረኝም፤ አለማድረጌ ትክክል እንደነበር ዛሬም አምናለሁ። አማቴ ያንን ክፉ ጊዜ አልፈው፣ ዝናቡ በተመለሰ በሁለተኛው ዓመት፣ አጭር ሕመም ታመው አረፉ።

የለቅሶው ዕለት ከከተማ የመጣ ዘመድ የሟቹ ፎቶ ከፍ ተደርጎ ይያዝ አለ። እኛ ዘንድ ያለው የታወቀ ጥሩ ፎቶ ያ ብቻ ነበር፤ ጭምቶቹን ምስጥ በልቷቸዋል። ሽማግሌዎቹ አዩትና ተያዩ። አንዱ ቀረብ ብለው ለእምዬ፣ «እሜቴ፣ ይኼ ለለቅሶ ይሆናል ብለሽ ነው? ትስቂያለሽ እኮ» አሏቸው።

እምዬ መቀነታቸውን ታጥቀው ከደረት መቺዎቹ መሀል ነበሩ። ፎቶውን አላዩትም።

«ያሳቀኝ እሱ ነው» አሉ። «ያዙት።»

አንዲት የእህታቸው ልጅ ከፍ አድርጋ ያዘችው። አልቃሾቹ ዞሩበት። በዚያ አገር እንዲህ ያለ ፎቶ ለለቅሶ ሲወጣ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ያፈረበትም ሰው አላየሁም።

ልጃቸው፣ እሱ ወታደሩ፣ መንግሥት በተለወጠበት ግንቦት በእግሩ መጣ። የአባቱን ሞት የሰማው መንገድ ላይ ነው። ሰምተን ስንደርስ እግሩ አብጦ ተኝቷል፤ እምዬ አጠገቡ ተቀምጠው በሞቀ ውኃና ጨው ያሹታል። ካሜራዬን ይዤ ሄጄ ነበር፤ ፊልም ግን ያን ሰሞን ደሴም አልተገኘም። እምዬ አይተዋት፣ «በላ አንሳን» ሲሉኝ ባዶ መሆኗን ነገርኳቸው።

«ምንም አይደል» አሉ። «ወደዚህ ቅረብና እግሩን ያዝልኝ።»

ሁለት ቀን ተኛ። በሦስተኛው ቀን፣ ዝናብ ጠብ ስላለ፣ የአባቱን ሞፈር ከተሰቀለበት አወረደና እያነከሰ ወደ እርሻው ወረደ። እምዬ ከአውድማው ዳር ቆመው በሬዎቹን በስማቸው እየጠሩ ያበረቱለት ነበር።