ሳይፈርስ የተጓዘው ኪዮስክ

በደርግ ጊዜ ከናዝሬት እስከ አርሲ ነገሌ አንድ ሙሉ ኪዮስክ በፒካፕ ጭኜ ወስጃለሁ። ምክንያቴ ልጄ ነበረች። አርሲ ነገሌ ተድራ፣ ባሏ ዘምቶ፣ የአራት ወር ሕፃን ታቅፋ ብቻዋን ቀርታለች። ቀበሌው ገበያው ዳር የኪዮስክ ቦታ ፈቀደላት። ደብዳቤው ላይ ግን እስከ ቅዳሜ ማታ ኪዮስክ ካልቆመበት ቦታው ለተከታይዋ አመልካች እንደሚሰጥ ተጽፏል። ያቺ አመልካች በየቀኑ እየመጣች ቦታውን አይታ እንደምትሄድ ልጄ ጽፋልኛለች።

አዲስ ማሠራት አይታሰብም። እኔ ግን ቀበሌ ሱቅ ሥራ ስለያዝኩ የራሴ ኪዮስክ ተዘግቶ ቆሟል።

ፒካፑን የሚነዳው የጎረቤቴ ወንድም፣ «አፍርሰነው ሳንቃውን እንጫን» አለኝ። ለእሱ ሁሉ ነገር ቀላል ነው። እኔ የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው፤ ስለዚህ ወረቀት ያለበት ቦታ ሁሉ ጠይቄ ሳልጨርስ አልወጣም። ኪዮስክ ከፈረሰ ሳንቃ ነው። ሳንቃ ደግሞ የደን ውጤት ነው ተብሎ ያለ ደን ፈቃድ ኬላ አያልፍም፤ የተያዘባቸው ሰዎች ሳንቃ ዝናብ ሲመታው ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ሙሉውን ከሄደ ግን ከመኪናው የሰፋ ጭነት ይባላል። ለዚያ የትራፊክ ጽሕፈት ቤቱ የአንድ ቀን ፈቃድ ይሰጣል።

ጸሐፊው ልኩን ጠየቀኝ። ከልብስ ሰፊ ሜትር ተውሼ፣ መሬት ላይ ተንበርክኬ ሦስት ጊዜ ለክቼው ስለነበር «አራቱም ጎን እኩል ነው፤ ሁለት ሁለት ሜትር» አልኩት። ጻፈው። ደንቡን አንብብልኝ አልኩት። አነበበልኝ። ድገመው አልኩት።

«እናቴ፣ ፈተና አለብዎት እንዴ?»

«አለብኝ፤ መንገድ ላይ።»

እየሳቀ ደገመው። በጎን ወረቀቱ ላይ ከተጻፈው ስፋት አንዲት ጣት ማለፍ የለም። ወደ ኋላ ግን ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ ከታሰረ እስከ አንድ ሜትር መውጣት ይቻላል። ጉዞው ፀሐይ ሳትጠልቅ ማለቅ አለበት። ባዶ ኪዮስክ ተብሎ ከተጻፈ ውስጡ ባዶ ነው።

ፈቃዱ የወጣው ለዚያው ለቅዳሜ ነበር። ጠዋት ጭነን ስናበቃ ሹፌሩ ሁለት ጆንያ ሽንኩርት ወደ ውስጥ ሊያስገባ ሲል በሩን ቆልፌ ቁልፉን መቀነቴ ውስጥ ከተትኩት።

«እትዬ፣ ሽንኩርት እኮ አይናገርም!»

«ይሸታል» አልኩት።

ሞጆ ኬላ ላይ ትራፊክ ፖሊሱ ወረቀቱን አነበበ፣ ኪዮስኩንም አስከፍቶ አየ። ጠርጌው ስለነበር አቧራ እንኳ አላገኘም። ከዚያ ሜትሩን ዘርግቶ ከላይ በኩል ለካ።

«እናት፣ ግማሽ ሜትር ትርፍ አለው።»

ቀና ስል ታዛውን አየሁት። ከመስኮቱ በላይ ወደ ፊት የወጣው ቆርቆሮ ወደ መንገዱ ተዘርግቷል። የለካሁት ግድግዳውን ብቻ ነው። ታዛው ሥር የሚቆመው ገዢ ነው፤ እኔ አሥር ዓመት ሙሉ ውስጥ ተቀምጬ ስሸጥ ታዛውን የኪዮስኩ አካል ነው ብዬ አስቤ አላውቅም።

ወደ ናዝሬት ከተመለስን ቦታው ሄደ ማለት ነው።

«አፍርሱትና ሳንቃውን ጫኑት፤ ያኔ አይሰፋም» አለ ፖሊሱ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ መላ መስጠቱ ነው።

«ጓድ፣ አሁን ካፈረስኩት ሳንቃ ይሆንብኛል። የደን ፈቃድ የለኝም፤ ዝዋይ ሳልደርስ ይያዛል። ይህ ወረቀት ኪዮስክ ነው የሚለው።»

ሹፌሩ ነጠላዬን ጎተተ። «እትዬ፣ ምነው ከፖሊስ ጋር!»

ነጠላዬን ከእጁ አስለቀቅኩና አሰብኩ። በጎን አይቻልም፤ ወደ ኋላ ይቻላል። የኪዮስኩ ጎን ደግሞ በሁሉም በኩል እኩል ነው።

«ብናዞረውስ?» አልኩ። «ታዛው ወደ ኋላ ከዞረ በጎን የሚቀረው ሁለት ሜትሩ ብቻ ነው። የኋላው ግማሽ ሜትር ይፈቀዳል፤ ቀይ ጨርቅ አስርበታለሁ።»

ፖሊሱ አንዴ ኪዮስኩን፣ አንዴ እኔን አየ። «ይህን የት ነው የተማሩት?»

«ጽሕፈት ቤታችሁ።»

«አዙሩት» አለ።

ሹፌሩ ኬላው አጠገብ ሥራ የሚጠብቁትን ጫኝና አውራጆች በኦሮምኛ ጠራቸው። ስምንት ሆነው አንስተው ሲያዞሩት እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ቀይ ጨርቅ ስንፈልግ ሹፌሩ ኬላው ላይ ወደተሰቀለው የቀይ ጨርቅ መፈክር በአገጩ እያመለከተ፣ «ከዚያ ላይ ቁራጭ ብንወስድ ማን ያውቃል?» አለኝ።

«ዝም በል! ልታስጨርሰን ነው?»

ፖሊሱ ሰምቶ ፊቱን አዞረ፤ ትከሻው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ለልጅ ልጄ የሠራሁትን ቀይ ሹራብ ከዘንቢሌ አውጥቼ በሁለት እጅጌው ታዛው ላይ አሰርኩት። ፖሊሱ እንደገና ለካ፤ ፈረመ። ሰባት ሰዓት ሆኖ ነበር።

ከመቂ ጀምሮ ነፋስ ነበረ። አንገቴን ወደ ኋላ አዙሬ ገመዱን ስጠብቅ፣ ቀስ በል ስል፣ ሹፌሩም «ከዚህ ቀስ ካልኩ አህያ ይቀድመናል» ሲል አርሲ ነገሌ የደረስነው አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

ልጄ ሕፃኑን አዝላ ቦታው መሃል ቆማለች። ከጠዋት ጀምሮ ከዚያ አልተነቃነቀችም። አጠገቧ የቀበሌው ሰው አለ። ትንሽ ራቅ ብሎ አንዲት ሴት በታሰረ አጠና ላይ ተቀምጣለች፤ ተከታይዋ አመልካች ነበረች። አጠናውን አስጭና መጥታ መምሸቱን ትጠብቃለች።

የቀበሌው ሰው ወረቀቴን አገላብጦ አየ፣ ፀሐይዋንም አየ። «በጊዜው ደርሷል» አለ።

ሴትየዋ ከአጠናዋ ላይ አልተነሣችም።

ኪዮስኩን ስናወርድ ሦስቱን ጥግ ሹፌሩና የገበያ ሰዎች ያዙ። አራተኛውን እኔ ያዝኩት፤ ክብደቱ ሲያሸንፈኝ ኪዮስኩ ወደኔ አዘነበለ። ልጄ ጮኸች። ያቺ ሴት ከአጠናዋ ላይ ተነሥታ፣ ነጠላዋን አገልድማ፣ እጇን ከእጄ አጠገብ አስገባች።

«ይልቀቁት፣ እኔ አለሁ» አለችኝ።

አልለቀቅኩም። አብረን አስቀመጥነው።